«የኔ ልጅ አያጨስም» ለምትሉ የሮብ ገበያ ወላጆች

ይድረስ በሮብ ገበያና በዙሪያዋ ለምትኖሩ እናቶችና አባቶች፤

እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ጥርስ እያከምሁ የምኖር ሰው ነኝ። ከጮቄ ሥር ካሉት ቀበሌዎች ሌሊት ተነሥታችሁ፣ ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ፣ ጉንጩ ያበጠ ልጃችሁን አስከትላችሁ ስትመጡ በየጊዜው እንገናኛለን። ሆኖም ውጭ ወረፋው ተሰልፎ፣ እናንተም የመመለሻ መኪናው እንዳያመልጣችሁ እየሠጋችሁ ተረጋግቶ ማውራት አይቻልም። ስለዚህ በደብዳቤ ልለምናችሁ። ልጃችሁን «ሲጋራ ታጨሳለህ?» ብለን ስንጠይቀው እናንተ አትመልሱለት። ከቻላችሁም ለአምስት ደቂቃ ያህል ከክፍሉ ወጣ በሉልን።

ልመናው ለጆሮ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ያመጣችሁት እናንተ፣ የምትከፍሉት እናንተ፣ ሌሊቱን ሲያቃስት አብራችሁት ያደራችሁት እናንተ ናችሁ። ከዚያ በኋላ «ውጡ» መባል ያስከፋል። የምለምነው ግን ከክፍሉ ስትወጡና ሳትወጡ የምንሰማው መልስ ስለሚለያይ ነው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። አንድ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ወጣት ከእናቱ ጋር ይገባል። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ተቦርቡሮ አላስተኛ ብሎታል። ካርዱን እየሞላሁ ስለ ሲጋራ ስጠይቀው እናቱ ትቀድመዋለች፦ «በስመ አብ! የኔ ልጅ? እሱኮ ሻይ እንኳ የማይወድ ልጅ ነው!» ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አፉን ከፍቶ መብራቱ ሲበራ ግን በታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ፣ ምላስ በሚነካው በኩል፣ የተጋገረ ጥቁር ቡናማ ነገር ይታያል። ማስቲካ አላምጦ መጥቷል፤ ጃኬቱ ግን ማስቲካ አላኘከም፣ ጭስ ጭስ ይላል። እናቱ አልዋሸችም፤ አታውቅም። እሱም እሷ ፊት «አዎ» አይለኝም፤ እኔም ብሆን አልል። ካርዱ ላይ «አያጨስም» ተብሎ ይጻፋል፣ ጥርሱ ይነቀላል፣ እሱም ሊነገረው የሚገባው ምክር ሳይነገረው ይሄዳል።

«ምን ይለያል? ጥርስ ጥርስ ነው» ትሉ ይሆናል። በጣም ይለያል፤ ከነቀላው ልጀምር። ጥርስ ሲነቀል በጉድጓዱ ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ለቁስሉ እንደ ክዳን ነው፤ አዲስ ሥጋ የሚበቅለው ከሥሩ ነው። የሚያጨስ ሰው በአንድ በኩል ጭሱን ሲስብ ያንን ክዳን ሊያነሣው ይችላል፣ በሌላ በኩል ኒኮቲኑ የደም ሥሮችን አጥብቦ ቁስሉን ከደም ያራቁተዋል። ከዚያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አካባቢ ባዶ የቀረው ጉድጓድ ያለ ልክ ማመም ይጀምራል፤ ሕመሙ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ አፍ ይሸታል፣ ማስታገሻ እምብዛም አይመልሰውም። እናንተም «ሐኪሙ አበላሽቶት ነው» ትላላችሁ። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ ገና ጥጡ አፉ ውስጥ እያለ፣ ከመናኸሪያው ኋላ ቆሞ «ሕመሙን ያስረሳኛል» ብሎ አንድ ፍሬ ለኩሷል። የሚያጨስ መሆኑን ነግሮን ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቢቻል ሳምንት እንዲታገሥ፣ በስትሮ እንዳይጠጣ፣ ደጋግሞ እንዳይተፋ፣ በአረቄ እንዳይጉመጠመጥ አጥብቀን እንነግረው ነበር።

አረቄን ካነሣሁ አይቀር፣ የጥርስ ሕመም ሲነሣ አረቄ አፍ ውስጥ ይዞ መቆየት በየቤቱ የተለመደ መሆኑን እሰማለሁ። ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ድዱን ግን ያቃጥለዋል፣ ጥርሱንም አያድነውም። ሲጋራና አረቄ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ ከሕመም ማስታገሻነት ያልፋል። ሁለቱም ለየብቻቸው የአፍ ካንሰር ያስከትላሉ፤ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አደጋው የሁለቱ ድምር ሆኖ አይቆምም፣ አንዱ ሌላውን ያባዛዋል። በምላስ ጎን፣ ከምላስ ሥር፣ በከንፈር ወይም በጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ላይ ሁለት ሳምንት ሆኖት ያልዳነ ቁስል፣ ቢያብሱት የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ባያምም እንኳ አትቆዩ። ይህን የምለው ስለ ልጆቻችሁ ብቻ አይደለም፤ ስለ እናንተም፣ ጋያ ስለሚስቡት አያቶችም ነው። የጋያው ውኃ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀረውም።

አሁን ወደ ድድ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቀየሙኝ፣ ሰው የሚታለለው እዚህ ነውና። ድድ ሲታመም ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሲፋቁት ይደማል። ደሙ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰው መፋቂያው ላይ ደም ሲያይ ይደነግጣል፣ ይታከማል። የአጫሽ ድድ ግን ብዙ ጊዜ አይደማም። ኒኮቲን ጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች ስለሚያጠብባቸው ድዱ ፈዘዝ፣ ደረቅ ብሎ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። ከሥር ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት ይበላል። ልጁ «ድዴ ደምቶ አያውቅም» ብሎ ይኩራራል፤ እኛ በመሣሪያ ስንለካው በጥርሱና በድዱ መካከል ጥልቅ ክፍተት ተፈጥሯል። የሚያጨስ ሰው በድድ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከማያጨሰው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሕክምናውም እንደሌላው ሰው በቀላሉ አይሠራለትም፤ ጥርሱን አሳጥቦ፣ መድኃኒት ወስዶ፣ ማጨሱን ከቀጠለ ድዱ የሚያገግመው በጣም በዝግታ ነው። ዕድሜው ሳይገፋ የፊት ጥርሱ መነቃነቅ የሚጀምር ሰው ስናይ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ስኳር በሽታንና ሲጋራን ነው።

ይህን የምነግራችሁ አንድ ቀን ልጃችሁ ሲያቆም እንዳትደነግጡ ጭምር ነው። ሲጋራ ባቆመ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ድዱ መድማት ሊጀምር ይችላል። «ሲያጨስ ደህና ነበር፣ ሲያቆም ታመመ» እንዳትሉ። ደም ወደ ድዱ ተመልሶ ነው፤ ለዓመታት የታፈነው በሽታ አሁን ገና መታየቱ ነው። ያኔ ይዛችሁት ኑ፤ ሕክምናው የሚይዝለት ጊዜ ያ ነው።

በሌላ በኩል፣ ይህን ደብዳቤ ያነበባችሁ ዛሬ ማታ የልጃችሁን አፍ በባትሪ መመርመር እንዳትጀምሩ። ቡናማ ጥርስ ሁሉ የሲጋራ አይደለም። ሻይና ቡና ያጠቁራሉ። በስምጥ ሸለቆ ያደገ ልጅ ደግሞ፣ ለምሳሌ ወንጂ አካባቢ፣ የሚጠጣው ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርሱ ገና ሲበቅል ቡናማና ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል፤ በሕይወቱ ሲጋራ ነክቶ ላያውቅ ይችላል። ከዚያ መጥቶ ዘመድ ቤት የተጠጋ ልጅ በጥርሱ ቀለም ተጠርጥሮ ሲታማ ማየት ያሳዝናል።

ወደ ልመናዬ ልመለስ። ልጆቻችሁ ለምን አይነግሯችሁም? እኔ ሳስበው ሲጋራ በእኛ አገር እንደ ጤና ችግር ሳይሆን እንደ ነውር ስለሚታይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ታወግዘዋለች፣ አካባቢው ይጸየፈዋል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚወስደውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ተጽፏል። ሲጋራን ነውር አድርጎ ማየቱ ጥቅም የለውም አልልም። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው የትምባሆ ጥናት ከአዋቂ ኢትዮጵያውያን ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከወንዶቹ 8.1፣ ከሴቶቹ 1.8 በመቶ። ከብዙ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ዝቅተኛ ነው፣ ነውሩም ድርሻ እንዳለው እገምታለሁ። ገና ያልጀመረውን ነውሩ ይጠብቀዋል። የጀመረውን ግን ይደብቀዋል፤ በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

ልጆቻችሁ የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ እናንተ በሌላችሁበት ነው። ትምህርት ለመቀጠል ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ቤት ተከራይተው ይቀመጣሉ። እናንተ በሶና ድርቆሽ ቋጥራችሁ ትልካላችሁ፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ጓደኛ ጫት ይዞ ይመጣል፣ «እንቅልፍ ያባርራል» ይባላል። ከጫቱ ቀጥሎ ሲጋራው ይመጣል፤ ምርቃናው ላይ አንድ ፍሬ፣ ከዚያ ሁለት። ፈተናው ያልፋል፣ ሲጋራው ይቀራል። «ብርዱ ነው» የሚልም አለ፤ ደጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ እንዲህ ሲል ሳቄ ይመጣል። ኒኮቲን የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያጠብብ የሚያጨስ ሰው እጅና እግሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሙቀት የሚሰጠው እፍኝ ቆሎና ጋቢ ነው።

ትርፉ የማን እንደሆነም እወቁት። ኒያላ ሲጋራን የሚያመርተው ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅት በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው የጃፓን ኩባንያ ንብረት ነው። ጃፓን ቶባኮ በ2016 እ.ኤ.አ. 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በሚቀጥለው ዓመት ተጨማሪ 31 በመቶ ገደማ በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ከመቶው አምስት ሰው ብቻ ትምባሆ በሚጠቀምበት አገር ያን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ ኩባንያ ዛሬ ለሚያጨሱት አያቶች ብሎ አላፈሰሰውም። ወደፊት የሚያጨሱትን ቆጥሮ ነው።

ሕጉ በበኩሉ ደካማ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል፣ ማስታወቂያውን ይከለክላል፣ በፓኮው ላይ 70 በመቶውን የሚሸፍን ማስጠንቀቂያ ከነሥዕሉ እንዲታተም ያዛል። ነገር ግን ገበያው ውስጥ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ልጁ የሚገዛው በፍሬ ነው። ባለሱቁ ከተከፈተው ፓኮ አንዱን መዝዞ ይሰጠዋል፤ ሥዕሉን የሚያየው ባለሱቁ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አባቶችን በስም ባልጠራ እንኳ ልቆጣ፤ ሮብ ቀን ገበያ ላይ ተቀምጦ የዘጠኝ ዓመት ልጁን «ሂድ አንድ ኒያላ አምጣልኝ፣ ክብሪትም ጨምር» ብሎ የሚልክ አባት፣ ልጁ ሲያድግ ሲያጨስ ቢያገኘው በምን አፉ ይገሥጸዋል? ዕቃው ባለሱቁ ጋ እንዳለ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚለኮስ ያስተማረው ማን ሆነና? ቤት ውስጥ የሚጨስ ጭስም ልጁን አይምረውም፤ ጭስ እየተነፈሱ በሚያድጉ ሕፃናት ላይ አስም ይበረታል፣ የጥርስ መቦርቦርም ከፍ ብሎ ይታያል።

«እሺ፣ ወጣን እንበል፤ እናንተ በአምስት ደቂቃ ምን ልታደርጉለት ነው?» ተገቢ ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ሲጋራ የማስቆም ምክር ከጥርስ ሕክምና ጋር እንዲጣመር የሚያሳስብ ሰነድ አውጥቷል፤ የሚጠይቀውም ረጅም ስብከት አይደለም። መጠየቅ ነው፣ ግልጽ አድርጎ «አቁም» ማለት ነው፣ ዝግጁ መሆኑን ማየት ነው፣ ቀን እንዲቆርጥ ማገዝ ነው፣ በቀጠሮው መመለሱን መከታተል ነው። የጥርስ ሐኪም ደግሞ ሌላው ሐኪም የሌለው አንድ ነገር አለው፤ መስተዋት። ሳንባውን ላሳየው አልችልም። የጥርሱን ጀርባ ግን በገዛ ዓይኑ እንዲያይ መስተዋቱን አስይዘዋለሁ። የሃያ ዓመት ልጅ በሠላሳ ዓመት ይመጣብሃል ከሚባል ካንሰር ይልቅ ዛሬ የሚሸት አፍና ነገ ለሚያጫት ልጅ የማይገለጥ ፈገግታ ያስፈራዋል። በዚያ አላፍርም፤ የሚያስቆመው እስከሆነ ድረስ።

ሙያችንንም ሳላማ አላልፍም። ወረፋው ሲበዛ ጥያቄውን የሚዘል ሐኪም አለ። ጥርሱን ነቅሎ፣ ማስታገሻ ጽፎ፣ «ቀጣይ!» ይላል። ስለዚህ ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት እናንተው አስታውሱን፤ «ዶክተር፣ ስለ ሲጋራም አነጋግሩልኝ» በሉን። ልጁ ፊት ሳይሆን ካርድ ስታወጡ ለነርሷ ብትነግሯት ይበቃል። የነገረንን ግን እንድንነግራችሁ አትጠይቁን። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ለሐኪሙ የነገረው ምስጢሩ ነው። «ይነግሩብኛል» ብሎ ካሰበ በሚቀጥለው ጊዜ ጥርሱ ቢበሰብስም አይመጣም።

ማቆም እንዴት እንደሚከብድ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ቤት ውስጥ የምትቀበሉት እናንተ ናችሁና። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ክፉ ናቸው። ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ትኩረቱ ይበታተናል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይጨምራል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛው እየለዘበ ይሄዳል። ይህን ያየ አንድ ዘመዱ «ቡዳ በላው» ብሎ ጸበል ሊወስደው ይነሣል። ጸበሉን አልቃወምም፤ ነገር ግን ምን እንደሆነ እወቁለት። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ተርታ ያስቀመጣቸው ናቸው፤ ከተገኙ ይረዳሉ። ካልተገኙም ያለ እነሱ ያቆመ ሰው ብዙ ነው።

ቀን መቁረጥ ላይ ግን እኛ ከሌላው ዓለም የተሻለ ነገር አለን፤ ጾም። ዓመቱን ሙሉ የሚያጨስ ሆኖ ሁዳዴን ወይም ፍልሰታን ሳያጨስ የሚያልፍ ሰው አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ያሉት የፍልሰታ ቀናት ከባዱን ጊዜ ለመሻገር ይበቃሉ። ሙስሊም ወላጆችም ረመዳንን እንዲሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሳያጨስ የዋለ ልጅ ማታ ከኢፍጣር በኋላም እንዲታገሥ ማገዝ ነው። ችግሩ ጾሙ ሲፈታ ሲጋራውም አብሮ መፈታቱ ነው። የንስሐ አባቱን ካመነ፣ እሳቸው «ከፋሲካ በኋላም ጠብቀው» ቢሉት ከእኔ ምክር በላይ ይከብዳል። ሐኪምና የንስሐ አባት ተነጋግረው አንድ ልጅ ቢያስቆሙ ምን ክፋት አለው? በእኔ በኩል በሬ ክፍት ነው።

እናንተ ቤት የምታደርጉት ነገር ጥቂት ነው፣ ቀላል ግን አይደለም። ያወቃችሁ ዕለት አትርገሙት፣ ለጎረቤት አታሰሙ፣ ከቤት አታባርሩት። ለሽማግሌም አትስጡት። የሚያጨስ አባት ካለ አብሮ ይጀምር፤ ሁለት ሰው አንድ ቤት ውስጥ በአንድ ሳምንት ሲያቆም ፀባቸው ይበዛል፣ ዕድላቸው ግን ይሰፋል። ለእሱ የሚሆን መፋቂያ በየኪሱ ይኑር፤ እጁም አፉም ሥራ ይፈልጋሉ። ጓደኞቹ የሚሰበሰቡበትን ቤት ለጥቂት ሳምንት እንዲርቅ ሥራ ፍጠሩለት፤ ድንች የሚቆፈርበት፣ ገብስ የሚታጨድበት ወቅት ከሆነ እሰየው።

ደግሞ ቢያጨስስ? ብዙ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ከማቆሙ በፊት አቁሞ ደግሞ ይጀምራል። ያን ጊዜ «ድሮም አውቀን ነበር» አትበሉት። ለጥርስ ማሳጠቢያ በቀጠርነው ቀን መልሳችሁ ላኩት፤ ስትሰናበቱትም ብቻውን ይግባ።

ከአክብሮት ጋር
የጥርስ ሐኪማችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ